የከሰዓቱ ቁጥር

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ
ጠዋት የመፈተሻ ኳሷን ኤምአርአዩ ውስጥ አስገባሁ። ውሃ የሞላች፣ ከጫፍ ጫፍ ልክ 200 ሚሊ ሜትር ናት። ምስሏም 200 ካወጣ ማግኔቱ ደህና ነው። ካነሰ በዚያ በኩል ላልቷል ማለት ነው፤ ኢንጂነሩ ጃለታ በቁጥሩ ያርመዋል። ዛሬ 200.1።

ከሰዓት፣ ማሽኑ ሲሞቅ፣ ድጋሚ መለካት አለባት። እሱን ነው... ልጻፈው እንግዲህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰዓት ለክቼ አላውቅም። መዝገቡ ላይ 200 እልና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ከቀኑ የመጨረሻ አሃዝ እወስዳለሁ። ዛሬ አቦ ናቸው፣ 200.5። በሥላሴ 200.7። የጀመርኩት ባለቤቴ የወይንሐረግ የታመመች ጊዜ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲል እሷ ጋ ለመሮጥ። ካረፈች በኋላስ? ምን ሰበብ አለኝ? ለመድኩት። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ቁጥር ምን ኃጢአት አለው ብዬ...

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ
የጓሮው ጎመን ደረሰ። የእሷን እጅ ባያህልም ይበላል። ተመስገን።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ
ጃለታ ከቡራዩ መጣ። «አከም ቡልተን ኦቦ ውብአየሁ!» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለኝ፤ ፊቱ ግን አልፈካም። የአንዲት ሴት የጭንቅላት ምስል የጠዋቱና የከሰዓቱ ርዝመት አልገጠመም፤ ሐኪሞቹ ተቆጥተዋል። «መዝገቡ ማሽኑ ሲሞቅም ልክ ነው ይላል። ስለዚህ ጥፋቱ የአነሳስ ነው።»

ከሰዓት የምታነሳው ያኔት ናት። ሥራ አስኪያጁ ውሏ በወሩ መጨረሻ አይታደስም አሉ። እዚያው ቆሜ ነበር። ኳሷን መወልወሌን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ያኔት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ጠማማ እጅ አለሽ አሉኝ እኮ! እስቲ ይዩት፣ ይሄ ጠማማ ነው?» ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቅዱሳኑን ለውሸቴ ምስክር አድርጌ ኖሬያለሁ ለካ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
ሚካኤል። ከኪዳን በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ለእኔ መንገርህ ግማሹ ነው። ግማሹን እዚያው ጨርስ።» ወደ ቤት ስመለስ ሰበታ ገበያው ሁሉ የሰፋኝ መሰለኝ። ለጃለታ ደውዬ ሐሙስ እንዲመጣ ለመንኩት።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ
ዘጠኝ ሰዓት። ማሽኑ ሙሉ ቀን ሠርቶ ሞቋል። ሥራ አስኪያጁን፣ ጃለታን፣ ያኔትን ጠርቼ ኳሷን በገዛ እጄ አስገባሁ። 196.8። ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ጎድሏል! ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ።

ጃለታ መዝገቡን ገለጠ። «በአምስት 5፣ በሰባት 7... ኦቦ፣ የጻድቃኑን ቀን እኮ ነው የለኩልኝ!» ሳቅ አመለጠው። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ ነገሩኝ። ይገባኛል። ያኔት ግን... «ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሼ?» አለች ቀስ ብላ። ይቅር በይኝ አልኳት።

ጃለታ ቁጥሩን ለማሽኑ አስገብቶ ድጋሚ ለካን። 199.9። የቆዩትንም ምስሎች በዚሁ አስተካክላቸዋለሁ አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ያኔት ዞረው «ውልሽ ይታደሳል» አሏት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ነገ ከሰዓት ኳሷን አብረን ነው የምናስገባት። አላምንዎትም!» ፈገግ ብላ ነው።

ዛሬ አቡነ አረጋዊ ናቸው፤ በድሮው ልማዴ 200.4 ነበር። 196.8 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ «ተለካ» ብዬ ፈረምኩ።