የተመለሰው ምድጃ

ሰኞ
ነዘረኝ። አዲሱን የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሼ ድስቱን ሳማስል ጣቶቼን ነከሰኝ። ያኔም እንዲሁ ነበር። የድሮው ምድጃ ሲነዝረኝ መስሎኝ ነው ብዬ ለባሌ ለታደሰ ሳልነግረው ዋልኩ። በማግስቱ በእርጥብ እጁ ነካው። ባሌን ቀበርኩ።

አዲሱን ወደገዛሁበት ወደ ጋሼ ነስሩ ሱቅ መለስኩት። የእድራችን ሰው ነው፤ ለታደሰ ለቅሶ ድንኳን የተከለው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።
«እትዬ፣ እጅዎ ረጥቦ ይሆናላ!»
የሸማቾች መብት አዋጁን አንብቤዋለሁ። ጉድለት ያለበት ዕቃ ይለወጣል፣ አለዚያ ገንዘቡ ይመለሳል። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነጋዴውን አያድነውም። ይህን ግን ፊቱ ላይ መናገር አቃተኝ። ምድጃውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ጫልቱ የምትባል ልጅ ሰማችኝ። «ሃዳ ኮ፣ ነገ ያምጡልኝ፤ ባለሙያ ያየዋል።» በኦሮምኛ «እናቴ» ስትለኝ ልቤ ሞላ።

ማክሰኞ
ልወጣ ስል የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ በቀለ ነስሩን አስከትለው መጡ።
«አብሮ ቀባሪሽን መንግሥት ዘንድ ትከሺዋለሽ?»
ነስሩ ሌላ ዓይነት ምድጃ ይዟል። ትከሻዬን ሳመኝ። ታረቅን። የሚነዝረውን ይዞ ሄደ። ያመጣልኝ አይነዝርም። ደስ አለኝ፤ ጫልቱ ጋ አልሄድኩም።

ረቡዕ
ታደሰ ወጥ ቤት ቆሞ አየሁት። በቀን፣ በቁሜ። እጁን እያራገፈ ነበር።
ያ ምድጃ የት ገባ?
በዝናብ ሮጥኩ። ነስሩ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «ሸጥኩታ» አለኝ። «ሞክሬዋለሁ፤ ምንም አላለኝም።»
እግሩን አየሁ። የጎማ ቦቲ አድርጓል፤ ታዲያ እንዴት ይነዝረዋል!
«ለማን ሸጥከው?»
«ጎሬ ከተማ ላለች አንዲት አዲስ ሙሽራ። እትዬ፣ ታርቀን የለም እንዴ?»
ጫልቱ ጋ ስደርስ መሽቶ ቢሮው ተዘግቶ ነበር። ነስሩም የሙሽራይቱን ቤት እንጂ ስልኳን አላውቅም ብሎኛል። ታደሰ ከወጥ ቤት አልወጣም።

ሐሙስ
ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ለጫልቱ መታረቄንና ምድጃው ለሙሽራ መሸጡን ነገርኳት፤ ዕቃውን በእጄ መመለሴን ስናገር አፈርኩ።
«እርቁ የእናንተ ነው» አለች ጫልቱ ጃንጥላዋን እያነሳች። «ለሙሽራይቱስ ማን ታረቀላት?»
ሱቁ ሄደን የቀሩት ምድጃዎች እንዳይሸጡ አዘዘች። ነስሩ ቤቱን ሊያሳየን ወደ ጎሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሙሽራይቱ በሩን ከፈተች። እጇ በሳሙና ረጥቧል።
«ምድጃው? ውይ፣ ጠዋት ትንሽ ነዘረኝ። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ፈሪ ይለኛል።»
እጇን ይዤ አልለቅ አልኩ። ጫልቱ ገብታ ሶኬቱን ነቀለች። ነስሩ ደጅ ላይ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።
ከጓዳ ባሏ፣ «ማነው?» አለ።
ባሏ በሕይወት እንዳለ ስሰማ እጇን ለቀቅኩ።