በፀሐይ የተሰነጠቀው የጊዮርጊስ ወይራ

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ተሰነጠቁ። አንዱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ አብዛኞቹ ናቸው። ጠዋት አመድ ልደፋ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ እንጨቶቹ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ እንዳስደገፍኳቸው ቆመዋል። ከጫፋቸው ጀምሮ ወደ ታች መስመር ወርዷል። አንዳንዱ ፀጉር ያክላል፤ አንዳንዱ ጥፍሬን ያስገባል።

ማን አወጣቸው? እኔ። ማን ረሳቸው? እኔው። የማን ስም ልጥራ?

ባሌ አስማረ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ይሠራል። በዚህ አካባቢ የቀረው እሱ ነው። ለደጋን የሚሆን እንጨት እርጥቡን አይጎብጥም። ተጠርቦ፣ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ተጋድሞ፣ ጭስ እየጠጣ ዓመት ከዚያም በላይ ይቀመጣል። እነዚህ ደግሞ እንደ ሌላው እንጨት አይደሉም። ካቻምና ክረምት ነፋስ በጊዮርጊስ ቅጥር ያለውን ትልቅ ወይራ ሲገነጥለው፣ ገበዙ መምሬ ላቀው አስማረን አስጠርተው ቅርንጫፉን ሰጡት። ለጧፍ ጥጥ ለሚነድፉት እናቶች መጀመሪያ ደጋን ሠርቶ እንዲመልስ፣ የተረፈው ለእሱ እንዲሆን። አስማረ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጭራሮ እንኳ ማንሳት የሚፈራ ሰው ነው። መሬት ስሞ ነው የተቀበለው። ሌላ ወይራስ ከየት ይመጣል? ከአምበር እስከ ማርቆስ ከተማ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ወገቡን ታሞ ጸበል ከገባ ሰነባበተ። ሲሄድ ቆጡን በጣቱ አሳይቶ "እነዚህን አትንኪ" አለኝ።

ነካኋቸዋ።

ቅዳሜ የማርያም ማኅበር የእኔ ተራ ነበር። አምና ተራዬ ሲደርስ፣ ጎረቤቴ ጥሩዬ ማድ ቤት ገብታ ወጥ ስታማስል ጥቀርሻ ነጠላዋ ላይ ጠብ አለባት። "እናንተ ቤት ጣራውም ያለቅሳል" ብላ ሰው አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አረረ። ዘንድሮ እንዳይደገም ብዬ ቆጡን አወረድኩ፣ ጣራውን ጠረግሁ። እንጨቶቹንም ወለወልኳቸው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ የተለጠፈ ጥቁር ቆሻሻ ነበር፤ እሱንም በቢላ ፋቅሁት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው። ቶሎ ይደርቃሉ፣ አስማረም ሲመጣ ደስ ይለዋል አልኩ።

ውሸቴን ነው። ለጥሩዬ ዓይን ብዬ ነው ያወጣኋቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 25

እንቅልፍ የለም። ያሰብኩትን ሁሉ ልጻፈው።

ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ። (ዓመት የደረቀውን ላበሰብሰው ነው?)

ከማርቆስ ኮላ ማስመጣት። (ደጋን ሲሳብ ኮላው ምን ሊሆን ነው።)

ማንደድና ሌባ ወሰደው ማለት። እዚህ ላይ ስደርስ ራሴን ፈራሁት። የጊዮርጊስን እንጨት አንድጄ ሽሮ ላፈላ? ደግሞስ የትኛውን ሌባ ነው የምወነጅለው? እግዚኦ።

በመጨረሻ ያደረግሁት ከሁሉም የባሰ ነው። ቅቤ ከጥቀርሻ ጋር ለውሼ ስንጥቁ ውስጥ አሸሁ። በጾም ቀን እጄ በቅቤ ራሰ። ወልውዬ መልሼ ቆጡ ላይ ደረደርኳቸው፣ ከሥራቸውም እሳት አነደድኩ። ከታች ሆኖ ለሚያያቸው ምንም የሆኑ አይመስሉም። ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ እጄን ስታጠብ ጥቀርሻው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 26

አስማረ ደወለ። ወገቡ ቀለል ብሎታል፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ችሏል። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። እልል ማለት ሲገባኝ ቀና ብዬ ቆጡን አየሁ። ስለ ላሟ ጠየቀኝ፣ ስለ ማኅበሩ ጠየቀኝ።

"እንጨቶቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

ይኼው ነው። ምላሴ እንዴት እንደቀለላት! እሱም "ጎበዝ" ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ብትከፋ ብትከፋ አንዲት ቃል ናት እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ቀኑን ሙሉ ግን ያቺ ጎበዝ ያለኝ ቃል ስትከተለኝ ዋለች።

ዓርብ፣ ጥር 27

ጥሩዬ የማኅበሩን ማሰሮ ልትወስድ መጣች። ማድ ቤት ገብታ ቀና ብላ አየች። "እንዴት አማረ! አሁን ቤት ሆነ" አለች። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይኸው መጣ። ማሰሮዋን አቀብዬ ቶሎ ሸኘኋት።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ከአስፓልቱ አድርሶት መጣ። ከስቷል፤ ፊቱ ግን በርቷል። የጸበል ውኃ በጀሪካን ይዞልኛል፣ ለእጄ ቁርጥማት ብሎ አስቦልኝ። ያችን ጀሪካን ሳያት ማልቀስ አማረኝ።

ሳይቀመጥ ወደ ማድ ቤት ገባ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዱን አወረደና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ አሳለፈ። ሁለተኛውን አወረደ። ሦስተኛውን ሲይዝ ተናገርኩ፤ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ጥቀርሻው፣ ስለ ፀሐዩ። ቀድሜ መናገሬ ለእኔ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አውራ ጣቱን ነበር የሚያየው።

"ሰሙን ማን ፋቀው?"

የምን ሰም አልኩት። ያ ቆሻሻ ብዬ የፋቅሁት የጧፍ ሰም ኖሯል። ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ ለምኖ፣ አቅልጦ፣ እንጨቱ ከጫፉ ቶሎ እንዳይደርቅ በየጫፉ የለበጠው። በጫፉ ከደረቀ መሰንጠቁ አይቀርም አለኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ከዚያ ጣቱን አሻሸ።

"ፀሐዩ ስህተት ነው። ቅቤውን ግን ምን ልበለው?"

ቅቤው ስህተት አይደለም። ቅቤውን አስቤበት ነው ያደረግሁት። እራት አቀረብኩ፣ አልበላም። መደቡ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

እሑድ፣ ጥር 29

ከቅዳሴ በኋላ አስማረ መምሬ ላቀውን ሊያናግራቸው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ያጋልጠኛል፣ ይገባኛልም እያልኩ። መስቀል ተሳለመና እንዲህ አለ፦

"አባቴ፣ የሰጡኝን እንጨት አበላሽቼዋለሁ። አያያዜ አላማረም።"

አበላሽቼዋለሁ አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ! አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ከበውናል፣ ጥሩዬም አለች። መልሼ ዘጋሁት። መምሬ ላቀው አዝነው "እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ሄዱ። ሰው ሁሉ አስማረን ሲያየው አየሁ። በእጁ የሚታመን ሰው ነበር።

መንገድ ላይ ለምን እንዲህ አልክ ብዬ ጠየቅሁት።

"አትንኪ አልኩሽ እንጂ ለምን እንደማይነካ ነግሬሽ አላውቅም። አባቴም ለእኔ አልነገረኝም። ስሰብር ስሰብር ነው ያወቅሁት።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመታኝም፣ ማርያምን። ስድብ ቢሆን እመልስለት ነበር፤ ይኼን ምን ብዬ እመልሰዋለሁ? ስለ ቅቤው ደግሞ ምንም አላለም።

ሰኞ፣ ጥር 30

ሳልነግረው ወጣሁ። መምሬ ላቀውን ደጀ ሰላሙ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። "አባቴ፣ ትናንት የሰሙት ልክ አይደለም። እንጨቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የደበቅሁትም እኔ ነኝ" አልኳቸው። ቅቤውንም፣ ሌባ ወሰደው ልል ማሰቤንም ነገርኳቸው።

የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። "ባልሽ ዋሸ፣ አንቺም ሰምተሽ ዝም አልሽ። ሁለታችሁም ትሰግዳላችሁ" አሉኝ። ከዚያ የተሰነጠቀው እንጨት በሰው ምድጃ እንዳይነድ፣ ለቤተልሔም እንዲመጣ አዘዙ፤ ዲያቆናቱ ኅብስት ይጋግሩበታል። "በአህያ አይሆንም። አንቺ ራስሽ፣ ሰው እያየሽ ተሸክመሽ አምጪው" አሉኝ።

አስማረ ከቤት ሳይኖር የተሰነጠቀውን ተሸከምኩት። ወይራ ሲደርቅ እንኳ ከባድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከጥሩዬ ጋር ተገናኘን። የምን እንጨት ነው አለችኝ። ሸክሜን ሳላወርድ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያንን "ጣራውም ያለቅሳል" ያለችውንም።

"እኔ እንዲህ ብያለሁ?"

ዓይኗን አየሁት፤ የምሯን ነው። ጭራሽ አታስታውሰውም። እኔ ዓመት ሙሉ ሳብሰለስለው የኖርኩትን፣ ያን ሁሉ ወይራ ያስከፈለኝን ቃል እሷ ተናግራ እዚያው ረስታዋለች። በማን ልናደድ? ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ዕንባዬ ቀደመው። ጥሩዬ ከሸክሙ ልትካፈለኝ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠኋትም። ቤተልሔም ሴት አትገባም፤ ከአጥሩ ደጃፍ አወረድኩት፣ አንድ ዲያቆን ወሰደው።

ማታ ለአስማረ ነገርኩት። "ሄድሽ?" አለ። ዛሬ እራቱን በላ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 1

ከሁሉም አንድ ደህና ተገኘ። መሀል ላይ ሆኖ ከሌሎቹ ጥላ ያገኘው ነው መሰለኝ። አስማረ አገላብጦ አየው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ በጣቱ መታው። የጧፍ ጥጥ ለሚነድፉት እናቶች ይሄ ይሆናል አለ። ለራሱ የቀረው የለም። ይኼንንም እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ስንቱን ልቁጠር።

ከሰዓት ፍሙን ዘረጋ። እንጨቱን ከላይ እያገላበጠ አሞቀው። ይዞ ሊያጎብጠው ሲል ወገቡ ያዘው፤ ፊቱ ተለወጠ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

"ነይ ያዢው" አለኝ።

እፈራለሁ አልኩት። ይሰበርብኛል አልኩት። ከዚህ በኋላ አንድ እንጨት ከሰበርኩ አገር ጥዬ መሄዴ ነው። እሱም ፈርቶ ነበር፤ ከድምፁ ይታወቃል። ግን ያን ጊዜ ነው መናገር የጀመረው። የሚሳበው በትንፋሽ ነው፣ እየተነፈስሽ ሳቢ፣ ፍሙ ወደ ውስጥ የሚጎብጠውን ሆዱን እንጂ ጀርባውን አይንካው፣ ሲጮህ ቁሚ፣ ሲላላ ቀጥዪ። ለምን እንደሆነም አንድ በአንድ ነገረኝ። ባልና ሚስት ሆነን ይህን ያህል ዘመን፣ ስለ እንጨት እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም።

ሳብኩ። አንዴ ጠጠር ያለ ድምፅ አሰማ። ቆምኩ። ላላ። ቀጠልኩ። ጎበጠ። እሱ ጫፍና ጫፉን በገመድ ጠፈረው፤ እኔ ገመዱን እጄ ላይ ጠቅልዬ እስኪቋጥረው ይዤለት ቆየሁ።

ፊቴን ወደ እሱ ሳላዞር ጠየቅሁት።

"አስማረ፣ ቅቤውን ይቅር አልከኝ?"

ቋጠሮውን እያጠበቀ ነበር። እንጨቱን አየ፣ እኔን አየኝ።

"ገመዱን እንዳትለቂው" አለኝ።

እጄ እስኪደነዝዝ ያዝኩት።