«አውቀዋለሁ» የተጻፈባቸው ፋይሎች

እህትዓለም፣ ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። እኔና እማዬ ደህና ነን፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን።

አባዬ እስኪያርፍ የሠራበት የኅብረት ሥራ ባንክ ተቀጣ። ተቆጣጣሪዎች የደንበኞቹን ፋይል ሲያገላብጡ፣ የመታወቂያ ኮፒ መያያዝ በነበረበት ቦታ በአባዬ እጅ የተጻፈ «አውቀዋለሁ» የሚል ቃል አገኙ፤ መቶ ሰባት ፋይል ላይ።

ደንበኞቹ ግን ውለታ አልረሱም። ሰኞ ጠዋት መታወቂያቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰለፉ። ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ «አባትህ ፊቴን አይቶ አመነኝ፤ እነዚህ ፎቶዬን ካላዩ አያምኑም። ፎቶዬ ደግሞ እኔን አይመስልም» ሲሉኝ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አሁን ያልተሟላው አሥራ ሁለት ፋይል ብቻ ነው። እግዜር ይስጣቸው።

ሥራ አስኪያጁም ደግ ሰው ናቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለተቆጣጣሪዎቹ የሚጽፉት ዓርብ ነው፤ እማዬን ግን «አይዞሽ» ብለዋታል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ መንገዴ ባይሆንም በባንኩ በኩል አልፋለሁ። ለሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ የሰቀሉለት የአባዬ ፎቶ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ አየሁት።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። ፈጣሪ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ስትመጪ መጀመሪያ የምወስድሽ እዚያ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ