የአባትሽ መጽሐፍ ይነበባል ወይ

ሞላሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት
ጅማ

ልጄ ጽናት፣ የዐይኔ ብርሃን፣ እንደምን ሰንብተሽልኛል? ማስተማሩስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ገብቶ የአንዳንዱን ሰው ገብስ መትቶታል፤ የእኛው ተርፏል። በጎቹም ደህና ናቸው።

«እማዬ፣ አባቴ የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ አሳትሟል። ቀድመሽ አንብቢውና ይነበባል ወይ ንገሪኝ፤ አይነበብም ካልሽኝ አልነካውም» ብለሽ መጽሐፉን ልከሽልኛል። በመሠረተ ትምህርት ንባቤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የጠበቅሁት ውሸት ነበር። ተዋናይ ከሆነ ወዲህ በቴሌቪዥን ድራማ ደግ ዳኛ ሆኖ ሲጫወት፣ ሲያነክስም አይቼዋለሁ፤ ስለ እግሩ ሲጠይቁትም «ጦር ሜዳ ያገኘኝ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። መጽሐፉም እንዲያው ቢል ኖሮ «ተዪው» ብዬሽ አርፍ ነበር። ሰውየው ግን እውነቱን ጻፈው። ስለዚህ ከእሱ መጽሐፍ በፊት ከእኔ ስሚው።

የ1984 ግንቦት ነው። አንቺ አምስት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ ይታየው፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ቤቱ ከገባ ዓመት ሆኖታል። መምታት ልማዱ ሆኗል። ይቺን የፊት ጥርሴን ድንጋይ ላይ ወድቄ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ በቀበቶው ዘለበት ያወለቃት እሱ ነው። ያን ቀን ከገበያ አረቄ ጠጥቶ በጠራራ ፀሐይ መጣ። እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ገብስ እሸክሽካለሁ።

«ከማን ጋር ስትስቂ ነበር?» አለኝ።

«ከማንም» አልኩት።

ዘነዘናውን ነጥቆኝ ወደ ጓዳ ወረወረው። ጠጉሬን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ስወድቅ ሆዴን በጫማው ረገጠኝ፤ ደገመኝ። ውስጤ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማኝ። ለሦስተኛ ጊዜ እግሩን ሲያነሳ ዘነዘናው እጄ ገባና ቅልጥሙን መታሁት። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

መጽሐፉ ላይ «አንዴ መታችኝ፤ የሚገባኝ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። አንዴ አይደለም። ወድቆ «አረጋሽ፣ ስለ እመቤቴ» እያለ ሲለምነኝ ጉልበቱን፣ ክንዱን፣ ጎኑን ወቀጥኩት። የመጀመሪያው ነፍሴን ለማዳን ነው። የቀረውን ግን ደስ እያለኝ ነው የመታሁት። ጎረቤታችን የኔታ ኪዳነ ሮጠው ገብተው ዘነዘናውን ቀሙኝ።

«በቃሽ ልጄ፣ ገደልሽው» አሉኝ።

«ገና ይተነፍሳል። ይስጡኝ የኔታ» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ወንድምሽ ሞቶ ተወለደ። ከጓሮ ከጽድ ዛፉ ሥር ነው ያለው። አባትሽን ወንድሞቹ በቃሬዛ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ በአካል አልተያየንም። ስለ ሕፃኑም ጽፏል። «በእግሬ የገደልኩት ልጄ» ይላል። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ሁለት ቀን ሙሉ አልነካሁትም።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። መጽሐፉ «ልጄ ጽናት ተኝታ ነበር» ይላል። አልተኛሽም። ዘነዘናውን ከጓዳ በሁለት እጅሽ እየጎተትሽ አምጥተሽ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። እሱም አይቶሻል፤ ዐይን ለዐይን ተያይታችኋል። አውቆ ነው የዋሸልሽ። እኔም ይህችን አንዲት ውሸት ልተውልሽ ነበር። ነገር ግን «ጎረቤት ሲወቅጥ ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እያወቅሁ ዝም ብልሽ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ትናንት የኔታ ኪዳነ መጽሐፉን እጄ ላይ አይተው «ለመሆኑ ይነበባል?» አሉኝ።

«ይነበባል» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

አንብቢው። እኔ ይቅር አላልኩትም፤ አንቺ ግን የራስሽ ልብ አለሽ። ልትጽፊለት ብትፈልጊም አልቀየምሽም። ለአንቺ ሌላ ግዢ፤ ይኸኛው እኔው ጋ ይቆይ።

የአርባራ መድኃኔዓለም ከክፉ ይጠብቅሽ። በሄድሽበት ሰው ይስጥሽ። እጆችሽን ይባርክልሽ፤ እኔን ያተረፉ እጆች ናቸው።

እናትሽ አረጋሽ