በእንቅልፋቸው ለቀናሁባቸው ኃላፊ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከምሳ በኋላ ፊትዎ ላይ የሚታየው ወዝ ጤናዎ የተሟላ መሆኑን ስለሚመሰክር፣ መልስዎን ሳልጠብቅ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። እኔ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነኝ፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። ሰኞ ዕለት በፈረሙት ማስጠንቀቂያ «በሥራ ሰዓት ተኝታ በመገኘቷ» በሦስት ቀን ውስጥ ምላሽ እንድሰጥ ስላዘዙኝ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ምላሼን እነሆ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

፩. ከሁለት ወር ወዲህ እኔና እንቅልፍ ተኮራርፈናል። በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ በጎኔ ስዞር ዳሌዬን ይቆረጥመኛል፣ አሁን ገና ተመቸኝ ስል ሽንቴ ይመጣል፣ ከሽንት ቤት ስመለስ ደግሞ ልጁ ነቅቶ እግሩን ያፍታታል። አውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤቴ ግን ትራሱን ገና ሲያየው ያንኮራፋል። ሴት በገዛ ባሏ እንቅልፍ ትቀናለች ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። አሁን አንዳንዴ በክርኔ ጎሸም አድርጌ አነቃውና «ልጁ ነው» እለዋለሁ።

፪. የምትከታተለኝ አዋላጅ ነርስ የእግሬን ማበጥና የደም ግፊቴን ከፍ ማለት አይታ፣ በግራ ጎኔ፣ ጉልበቶቼ መሃል ትራስ አድርጌ እንድተኛ፣ ከምሳ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጋደም እንድል መከረችኝ። ግፊቱ ከዚህ ከጨመረ ሆስፒታል እንደምታስተኛኝም ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ምክሯን በጽሑፍ አያይዤ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍሉን አልጋ በምሳ ሰዓት ብቻ እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅሁ። እርስዎም ክፍሉ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ የተዘጋጀ መሆኑን፣ እርግዝናዬ ደግሞ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ አለመሆኑን በሁለት መስመር ገለጹልኝ። ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴም እፎይ ብሏል።

፫. ባለፈው ሐሙስ ከምሳ መልስ መሰላል ላይ ቆሜ ፋይል ስፈልግ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተከደነ። ልወድቅ ስል መደርደሪያውን ይዤ ተረፍኩ፤ ክንዴ ግን ተልጦ ደማ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ልጁ እስኪንቀሳቀስ የጠበቅኩባትን ደቂቃ ለማንም አልመኝም። ከዚያ ፋሻ ፍለጋ ወደ መጀመሪያ እርዳታ ክፍል ሄድኩ፤ አሁንስ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ይዤ መጣሁ እያልኩ። በሩን ስከፍት መጋረጃው ተጋርዷል። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው፣ በግራ ጎንዎ፣ ጉልበቶችዎ መሃል ትራስ አድርገው ተኝተዋል። ነርሷ ካዘዘችው አንድም አላጓደሉም።

ክቡር ሆይ፣ ልዋሽዎት አልሻም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ሳይሆን ቅናት ነው። ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ያገኘች ሚስት እንኳ እንደኔ የተቃጠለች አይመስለኝም። ደረትዎ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ቆሜ አለቀስኩ። ብቀሰቅስዎት እንቅልፉ ወደ እኔ አይተላለፍም ብዬ ፋሻዬን አንስቼ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ።

፬. አቤቱታዬን ለማስመዝገብ ቢሮዎ ስደርስ ጸሐፊዎ እንደለመደችው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ጀመረች። ክንዴንና ፊቴን ስታይ ግን ተነሥታ ቢሮዎን ከፈተች፤ ወደ ኋላ በሚለጠጠው ወንበርዎ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ሹራቧን ጠቅልላ ወገቤ ሥር ከተተችልኝና በሩን ከውጭ ዘጋችው። ሃምሳ ደቂቃ ተኛሁ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ካየሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

የቀሰቀሰኝ የእርስዎ ድምፅ ነው።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ» አልኩዎት።

የትራሱ ስፌት ጉንጭዎ ላይ ታትሞ ስለነበር ብዙም አልተከራከሩኝም። ማስጠንቀቂያው የመጣው ጉንጭዎ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በጸሐፊዎ ላይም ሌላ እንዳይጽፉ በትሕትና እመክራለሁ፤ የእርስዎ ስብሰባዎች የት የት እንደተካሄዱ ከነሰዓታቸው የምታውቀው እሷ ናት።

ስለዚህ ምላሼ አጭር ነው፤ ተኝቻለሁ፣ አልክድም። ማስጠንቀቂያው በደረሰኝ ማግስት ስማቸውን የማልጠቅሳቸው ባልደረቦች ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ ፍራሽ አነጠፉልኝ፤ አንዷ ትራስ፣ አንዷ ነጠላ ብርድ ልብስ ከቤቷ አመጣች። በምሳ ሰዓት በተራ በር ይጠብቁልኛል። ትናንት ነርሷ ግፊቴን ለክታ ትንሽ ወርዷል አለችኝና ሆስፒታል መተኛቱ ለጊዜው ቀረልኝ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ፍራሹ ወለል ላይ ነው፣ ከእሱ ለመነሣት የሁለት ሰው እጅ ያስፈልገኛል። እርስዎ ብቻዎን ነው የሚነሡት።

ለሰጡኝ ትኩረት፣ ለሁለቱ መስመሮችዎና በተለይ ለወንበርዎ ያለኝን ምስጋና ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ባቀርብ ደስ ባለኝ፤ መጎንበስ ስለማልችል ቆሜ ማቅረቤን ይቅር ይበሉኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የመዝገብ ቤቷ ነፍሰ ጡር

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው አንባቢዎች በሙሉ

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ሳምንት የወሊድ ፈቃድ እወጣለሁና እፎይ ይበሉ። በእኔ ቦታ እንድትሠራ ባለፈው ወር በራስዎ ፊርማ የመደቧት ባልደረባዬ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ትናንት ነግራኛለች። መንታ ነው።