ጉንጯ ላይ ያረፈው አረንጓዴ

ይድረስ ለእህት ዓለም፤ አንቺም ልጆቹም እንደምን ከርማችኋል? እኔ በዚህ ስቱዲዮ የተሰበሰቡትን ጉዶች ከመታገሌ በቀር ደህና ነኝ።

መምህሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእርሳስ በቀር አላስነኩኝም። ቀለም ሲፈቅዱልኝም ቱቦዎቹን በተራ ደረደሩልኝ፤ ነጩ ከቀኝ ዳር፣ ቀዩ ቀጥሎ፣ አረንጓዴው መጨረሻ፤ ዓይኔ ሳያይ እጄ እንዲያውቀው ብለው ነው። የዘንድሮ ሠዓሊ ግን ቀለሙን የትም ዘርግፎ ፎቶ ይገለብጥና «ቅንብር» ይለዋል።

ከነዚሁ አንዷ፣ ጠረጴዛ የምጋራት ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት ላጽዳ ብላ የቱቦዎቼን ተራ አቀያየረችው። እኔም የአንዲት ሙሽራ ምስል ጨርሼ አስረከብኩ። አባትየው አፍጥጦ አየውና፣ «የልጄን ጉንጭ ምነው አረንጓዴ ቀቡት?» አለኝ። «ጥላ ነው» አልኩት፤ እሱ ስለ ጥላ ምን ያውቃል። የጠረጴዛ ተጋሪዬ ደግሞ አታፍርም፣ «ቱቦው ላይ ስሙ ተጽፏል እኮ፣ ጋሼ» ትለኛለች። የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል።

ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ስትጽፊልኝ ግን ፊደሉን ወፈርም ተለቅም አድርጊው። ያለፈውን ደብዳቤሽን ደጅ ፀሐይ ላይ ይዤው ወጥቼ እንኳ ከሰላምታው አላለፍኩም። የዘንድሮ እስክሪብቶ ቀለሙ ውሃ ነው።

ናፋቂሽ ወንድምሽ