በስእለት የገባው የሁለት ሰዎች ሥዕል

ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደብራችን አስተዳዳሪ
ለቀሲስ ገብረማርያም
ጅቡቲ
(በእጅዎ ብቻ የሚከፈት)

ጉዳዩ፦ እናቴ በስእለት ያስገቡት ሥዕል ሜሮን ከመቀባቱ በፊት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በካርቲየ 1 ሰፈር የሱቅ ታፔላ የምሠራ የደብሩ አባል ነኝ። ጉዳዬን በቃል ላስረዳዎ መጥቼ ምላሴ ተሳሰረብኝ፤ ጸሐፊዎም «በጽሑፍ አቅርብ» ስላሉኝ እየፈራሁ ጽፌያለሁ። አቤቱታዬ ወደ መዝገብ ቤት ሳይመራ፣ አንብበው እንዲያቃጥሉት አስቀድሜ እለምናለሁ።

1. በግንቦት ወር በደንጊ ትኩሳት ታምሜ ሆስፒታል ሳለሁ፣ እናቴ ወ/ሮ ፀዳል «ልጄን አትርፉልኝ» ብለው ለጴጥሮስና ለጳውሎስ ተሳሉ። ልብሴን ሊወስዱ ክፍሌ ሲገቡ ከአልጋዬ ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ ሥዕል አገኙ። እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ በራሳቸው ላይ አክሊለ ብርሃን አለ። እናቴ ሐዋርያቱ መጡልኝ አሉ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ፣ ገና ከሆስፒታል ሳልወጣ፣ በጥላና በእልልታ ወስደው ለደብሩ ሰጡት።

2. ሥዕሉ የሐዋርያት አይደለም። አንዱ እኔ ነኝ፤ እናቴ አክሊሉን ሲያዩ ፊቴን አላስተዋሉም። ሁለተኛውን ሰው እወደዋለሁ፤ ወንድም ወንድሙን እንደሚወድ አይደለም። ስሙን አልጽፍም። እምነቱም ከእኛ የተለየ ነው። የሳልኩት ግን ለመዘባበት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከነበሩት ወላጅ አባቴ በተማርኩት ሥርዓት ጾሜና ጸልዬ ነው። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ነገር እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ሳልደበቅ ላየው ፈልጌ ነበር።

3. ሥዕሉ ሜሮን ተቀብቶ እስከሚገለጥበት እስከ ሐዋርያቱ በዓል፣ እስከ ሐምሌ 5፣ በመጋረጃ ተሸፍኗል። ሆኖም ባለፈው እሑድ የኮሚቴው አባል አቶ ጫላቸው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩና «ይሄን ሰውዬ ወደብ ላይ የማውቀው ይመስለኛል» አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ በስልክ ያነሣዋል፣ በማግስቱም እሱ ወደሚሠራበት ወደብ ይደርሳል። በእኔ ላይ የሚመጣውን እችለው ይሆናል። በእሱ ላይ ከእኛም ሆነ ከእነሱ ሰፈር ሰው እጁን እንዳያነሣ ግን እፈራለሁ፤ በጣም እፈራለሁ።

4. እናቴ በየማለዳው ሄደው መጋረጃውን ይሳለማሉ። እውነቱን ቢሰሙ አይተርፉም። ስለዚህ ለእሳቸው «ቀለሙ በሙቀቱ ተላቀቀ፣ ለዕድሳት ወጣ» ተብሎ ይነገርልኝ።

በመሆኑም ሥዕሉ እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የስእለት ዕቃ አይወጣም ከተባለ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ገብቼ የእሱን ፊት እንድለውጥ ይፈቀድልኝ፤ ራሱን መላጣ፣ ጢሙን ረጅም አድርጌ ጳውሎስን አስመስለዋለሁ። የእኔ ፊት እንዳለ ይቅር።

አባታችን፣ ይህን ካነበቡ በኋላ ምናልባት «ኃጥአን በሚሣሉበት ሥርዓት፣ የሁለታችሁንም ፊት ወደ ጎን አዙረህ በአንድ ዓይን ሳል» ይሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ የጀመርኩት እንደዚያ ነበር። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ አንዱን ዓይኑን መተው አልቻልኩም። እባክዎ፣ ያንን ብቻ አይዘዙኝ።

ከልጅነት አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
በእምነት ሀይለየሱስ